የመሪጌታ እንቅልፍ

ነርስ ሆኜ ደብረ ብርሃን ሥራ በጀመርኩበት ቀን የክፍሉ ኃላፊ የሚያንኮራፋ በሽተኛ አይታ «እሱስ ደህና ተኝቷል» አለችና ወደሚያቃስቱት ላከችኝ። ደስ አለኝ። የተኛ ሰው ሥራ አያበዛም።

ከዓመታት በኋላ አንድ መሪጌታ ታመው ከአንኮበር ወደ ክፍላችን መጡ። ሳንባቸው የቆየ ሕመም አለበት። በዚያ ላይ ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ቀኝ እጃቸው ዝሏል። እጃቸው እየተመለሰ ነበር። እሳቸውን የከነከናቸው ሌላ ነው፤ ማኅሌት ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያንቀላፋሉ። ሰዉ «ይጠጣሉ» ብሎ አማቸው፤ የደብሩ አለቃም ለመጪው ንግሥ ሌላ መሪ ሊተኩ አስበዋል።

«ከልጅነቴ የቆምኩበት ቦታ ነው። ሰካራም ተብዬ ልውጣ?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

አንድ ቀን ምሳ በልተው በጀርባቸው ተኙና ማንኮራፋት ጀመሩ። መድኃኒት ሳድል ድምፁ ቀጥ አለ። ዞር ስል ደረታቸው ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። ጣታቸው ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ ወርዶ ይጮኻል። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተነፈሱና ማንኮራፋቱን ቀጠሉ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቆመ።

ሐኪሙን ጠራሁት። አጠገባቸው ተቀምጦ አየ። «እንቅልፍ ሲወስዳቸው ትንፋሻቸው ይቋረጣል። ሌሊቱን እንዲህ ካደሩ መቼ ተኙ ይባላል? ለሳንባቸውም ለአንጎላቸውም አደጋ ነው» አለኝ።

ሲነቁ ስለ መጠጥ ጠየቃቸው። መሪጌታ ተቆጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ኧረ ይንገሩት፤ ማታ ማታ አንድ መለኪያ አረቄ አለች።»

«እሷማ ለደረቴ ማሞቂያ ናት እንጂ መጠጥ ናት እንዴ?» አሉ መሪጌታ።

የአንኮበርን ብርድ የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። ሐኪሙ ግን «አባቴ፣ አረቄው ጉሮሮዎን ያላላዋል፤ የላላ ጉሮሮ ደግሞ ሲተኙ ይዘጋል» አላቸው።

አረቄው ቀረ። በጀርባቸው እንዳይተኙ ወይዘሮ አስካለ በምክሬ የበግ ፀጉር ጠቅልለው የመሪጌታ የሌሊት ልብስ ጀርባ ላይ ሰፉ። መሪጌታም «በስተርጅና ሻኛ አወጣሁ» ብለው አሳቁን። አዲስ አበባ ተመርምረው፣ ሲተኙ አየር የሚገፋላቸው ጭምብል ያለው መሣሪያ ይዘው ተመለሱ።

ከንግሡ በኋላ ለክትትል መጡ፤ አለቃውም አብረዋቸው። «ማኅሌቱን እሳቸው መሩት፤ ዓይናቸውን ሳይከድኑ አደሩ» አሉኝ አለቃው። እጅግ ደስ አለኝ። መሪጌታ ወደ ሐኪሙ ሲገቡ አለቃው ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔም አንኮራፋለሁ ይሉኛል። እስቲ እዩኝ።»

ቀን የሚያንቀላፋን ሰው ከማማት በፊት፣ ሌሊት እንዴት እንደሚተነፍስ አብሮት የሚተኛውን መጠየቅ ነው።