የዘጠኝ ቁጥር እናት

እትዬ ቁጥር ብለው የሚጠሯት ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም። ከስታዲየሙ ጀርባ፣ አንድ በር ብቻ ባላት ሱቋ ውስጥ፣ የከተማውን ቡድን የማሊያ ቁጥር ከጨርቅ እየቆረጠች የምትሰፋው እሷ ስለሆነች ነው። ክለቡ ሀብታም አይደለም። ማሊያው ታጥቦ ታጥቦ ይሳሳል፣ ቁጥሩ ከጥግ ከጥጉ ይነሳል፤ እናም ከየጨዋታው በፊት አንድ ከረጢት ሙሉ ማሊያ ይመጣላትና የተነሳውን ትመልሳለች፣ የተቀደደውን ትጥፋለች። እሷ የሰፋችውን ቁጥር ጎትተህ ልንቀል ብትል ማሊያው ይቀደድ ይሆናል እንጂ ቁጥሩ ወይ ፍንክች። ይህን ራሷም አፏን ሞልታ ትናገራለች፤ ትሕትና ሲታደል እሷ ሱቅ ልትከፍት ሄዳ ነበር።

ደግሞስ ለምን አትኩራ? ዘጠኝ ቁጥር ልጇ ነው። አባቱ ገና ድክ ድክ ሲል ሞቶበት፣ በስፌት መኪናዋ እግር መሀል ባዶ የክር ጥቅል እያንከባለለ ያደገ አንድ ልጇ። ባለፈው ዓመት ያ ልጅ በየሳምንቱ ጎል ሲያገባ ሴትዮዋን መንገዱ አልበቃት ብሎ ነበር። ሽንኩርት ልትገዛ ትወጣለች፣ ጎሉን እንዴት አዙሮ እንዳገባው ለባለሱቁ በእግሯ ስታሳይ ቆይታ ሽንኩርቱን ረስታ ትመለሳለች።

ዘንድሮ ግን ልጁ ደረቀ። አንዱን ለሰማይ ይሰጠዋል፣ አንዱን ብረት ይመልስበታል፣ አንዱን በረኛው እጅ ላይ ያስቀምጥለታል። ቡድኑም እየተንሸራተተ ታች ወረደ፤ ከተማውም ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ደጋፊዎች ማሊያቸውን በፌስታል ይዘው እሷው ዘንድ ይመጡ ጀመር። ዘጠኙን አንስተሽ ሌላ ቁጥር ስፊልን ይሏታል፣ ለእናቱ።

“ይሄ ቤት ይሰፋል እንጂ አይተረትርም። መተርተር ያማረው ጥርስ አለው” ትላለች ቀና እንኳ ሳትል።

ከጎኗ ቁልፍ የሚቀርጸው ጎረቤቷ ነገር መቆስቆስ ይወዳል። “እትዬ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ልጁ ስቷል” ይላታል በግድግዳው በኩል።

“ኳስ ሳይሰጡት ምን ያግባ? ነፋስ?”

ይህ ኳስ ነፋጊ በእሷ ሐሳብ አሥር ቁጥር ነው። አማካዩ። ኳሷን ይዞ ይዞ፣ ልጇ እጁን እያነሳ እየጮኸ፣ ለሌላ ያቀብላታል። አንድ ቀን አየች፣ ሁለተኛ ቀን ያየች መሰላት፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃታት። ጥርስ ነከሰችበት።

አንድ ሳምንት እንደ ልማዱ ከረጢቱ መጣ። የሁሉንም ቁጥር በመኪና ዙሪያውን ገጥግጣ፣ የአሥር ቁጥርን ብቻ በእጅ መርፌ እዚህ ጋ አንድ እዚያ ጋ አንድ ወጋ አድርጋ ለቀቀችው። ሕዝብ ፊት ቁጥሩ ተንጠልጥሎ ትንሽ ይፈርና ለልጇ ማቀበል ትዝ ይለዋል፤ ስሌቱ ይህ ነበር። ምን ዓይነት ስሌት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አንጀቱ ያረረ ሰው ስሌት ነው።

በጨዋታው ቀን ከደጋፊው መሀል ተቀመጠች። ከእረፍት በፊት ልጇ ሁለት ያለቀላቸው ኳሶች ሳተ፣ እሷም ሁለቴ ሜዳውን ረገመች። ከእረፍት መልስ የባላጋራ ተከላካይ አሥር ቁጥርን ከኋላ ማሊያውን ያዘው፤ ቁጥሩ ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። ስታዲየሙ በሳቅ አወካ። እሷም ከሁሉ በላይ ሳቀች። ዳኛው ግን አልሳቀም፤ ወጥተህ ቀይር ብሎ አማካዩን ከሜዳ አስወጣው። ትርፍ ማሊያ ፍለጋ ከረጢት ሲበረበር፣ ባላጋራ እሱ በተወው ክፍተት ዘልቆ ገብቶ አገባ። ሳቋን አቋረጠች። አንድ ለባዶ አለቀ፤ ሕዝቡም በአንድ አፍ ያፏጨው በዘጠኝ ቁጥር ላይ ነበር።

ማታ ልጇ ቤት ገባና የተገነጠለውን ቁጥር ከኪሱ አውጥቶ የስፌት መኪናው ላይ ዘረጋው።

“እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ስፌት ነው?”

“ክሩ አርጅቶ ይሆናላ፣ የኔ ጌታ።”

“እማዬ።”

ልጅ እናቱን ሲጠራ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። ነገሩን አፈነዳችው። “አዎ፣ እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ኳስ ሲነፍግህ ቁጭ ብዬ ልይ? ሰው ሁሉ አንተን ሲሰድብ እሱ ደረቱን ነፍቶ ይሂድ?”

“አልነፈገኝም። ዛሬ ራሱ ሁለቴ ከበረኛው ጋር ብቻዬን አገናኝቶኛል። የሳትኩት እኔ ነኝ።”

“ሜዳው እኮ ጉድጓድ…”

“ሜዳው ደህና ነው እማዬ። ኳሱ ሲመጣ፣ ብስተው ምን ይሉኛል እያልኩ ቶሎ ልገላገለው እመታዋለሁ። ፈርቻለሁ።”

ይህን ቃል ከዚህ ልጅ አፍ ሰምታ አታውቅም። ልትከራከረውም፣ አቅፋው ልታለቅስም ቃጣት፤ ሁለቱንም ትታ እራቱን ልታሞቅ ተነሳች። እሱ ከኋላዋ፣ “የቁጥሩን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ፣ ከሥራሽ ያባርሩሻል” አላት።

በሳምንቱ የደጋፊዎች ስብሰባ ተጠራ። ክለቡ የሚኖረው በደጋፊው መዋጮ ስለሆነ፣ ደጋፊው ይሂድ ያለው ተጫዋች ይሄዳል። የስብሰባውም ርዕስ አንድ ነበር፤ ዘጠኝ ቁጥር ይቆይ ወይስ ይሰናበት። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ልጁ ከቡድን ጓደኞቹ ጋር ከፊት ተቀመጠ። እናቱ ከቁልፍ ቀራጩ ጋር ከኋላ።

ሰው እየተነሳ የሆዱን ተናገረ። እግሩ ሞቷል ያለ አለ፣ ልቡ ሌላ ክለብ ነው ያለ አለ፣ ጭፈራ ቤት አይቼዋለሁ ያለም አልጠፋ፣ ልጁ ከልምምድ መልስ ከእናቱ ብረት ምጣድ የማይለይ ሆኖ ሳለ። በመጨረሻ ሰብሳቢው፣ መነጽር ሠሪው፣ ልጁን ተናገር አለው።

ልጁ ተነሳ።

“የሳትኳቸው ኳሶች የኔ ናቸው። አሥር ቁጥር አቀብሎኛል፣ አሰልጣኙ ታግሶኛል። ፈርቼ ነው የሳትኩት። የዓመቱን ሽንፈት ሁሉ ግን ብቻዬን አልሸከምም፤ አሥራ አንድ ሆነን ነው የተሸነፍነው። ብታሰናብቱኝ አልቀየማችሁም። ብታቆዩኝ ኳስ አልሸሽም።”

አንዱ ከመሀል፣ “ያለፈው ጨዋታስ? እሱንስ የማን እንበለው?” አለ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትወጣው ልጁ ከዚያ ጨዋታ ሸክም ነጻ ነው። ቁጥሩ ተገንጥሎ እንጂ፣ ጎዶሎ ሆነን እንጂ ቢል፣ ማን ይከራከረዋል? ልጁ ወደ ኋላ ተመልክቶ የእናቱን ዓይን አገኘው፣ መልሶም ወደ ሰውየው ዞረ።

“እሱንም የኔ በሉት።”

ያን ጊዜ ኮራች። ባለፈው ዓመት ጎሎቹን እየቆጠረች የኮራችው ኩራት ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ሆነባት። ይህን ሰው ነው ያሳደግኩት? አለች በሆዷ። እንባዋም መጣ፣ ጉልበቷም መጣ፣ ተነሳች። ቁልፍ ቀራጩ ቀሚሷን ጎተታት።

“ልቀቀኝ አንተ። ያኛው የሱ አይደለም፣ የኔ ነው” አለች ጮክ ብላ። “የአሥር ቁጥርን ማሊያ ሆን ብዬ ያላላሁት እኔ ነኝ። ለልጄ ኳስ ይነፍጋል ብዬ። ተሳስቻለሁ፤ ልጄ ራሱ ነግሮኛል። ስቷል ካላችሁ ስቷል። የኔን ጥፋት ግን አታሸክሙት።”

ቀድሞ የመለሰላት አሥር ቁጥር ራሱ ነበር። “እኔ እኮ ሳሙና አብዝቶበት ነው ብዬ ማሊያ አጣቢውን ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት” አለ፣ አዳራሹም በሳቅ ፈነዳ።

“ይቅር በለኝ ልጄ” አለችው።

“ይቅር ብያለሁ እትዬ። ከእንግዲህ ግን እኔንም በመኪና ስፊኝ።”

መነጽር ሠሪው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ሳቅ ሌላ ጥፋት ሌላ ነው አለ፤ እውነቱንም ነው። እጅ ወጣ። ልጁ እንዲቆይ ተወሰነ፤ ፍርሃቱ እስኪለቀው ግን ከተጠባባቂዎች ጋር ይቀመጣል። ማሊያው እስከ ዓመቱ ማብቂያ ሌላ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል። ልጁ እሺ አለ፣ እናቱም እሺ አለች። እትዬ ቁጥር ሳትከራከር እሺ ስትል ቁልፍ ቀራጩ በዚያች ቀን ብቻ ነው የሰማው።

በቀጣዩ ጨዋታ እንደ ልማዷ ስታዲየም ገባች። ከጎኗ ከባላጋራ ከተማ የመጣች፣ እሷም የአንዱ ተጫዋች እናት የሆነች ሴት ተቀምጣለች። ጨዋታው ሲጀመር ሴትዮዋ የራሷን ልጅ በጣቷ አሳየቻትና፣ “ያንቺስ አለ እንዴ እህቴ? የትኛው ነው?” ብላ ጠየቀቻት።

“ያ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ፣ ከጥግ የተቀመጠው።”

“አይይ፣ አልተሰለፈም ለካ” አለች ሴትዮዋ ከንፈሯን መጥጣ።

“አልተሰለፈም” አለች እትዬ ቁጥር፣ ከፊት ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ ጮክ ብላ። “ልጄ ነው።”