ዋሲላ ያልጨረሰችው ተረት

ዳንግላ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋውን ሙሄን የማያውቅ አልነበረም። ሚስቱን ሀሊሜን ግን ማን ያውቃታል? ሙሄ የሰፋውን ቁምጣ የሚዘመዝመው፣ ቁልፉን የሚተክለው የእሷ እጅ ነው። ባላገሩ ግን ቁምጣውን ለብሶ «እጅህ ይባረክ ሙሄ!» ብሎ ይሄዳል። እሷ እቤቷ ጨርቅ ታቅፋ ትቀራለች። እስቲ እኔ ደግሞ የእሷን ላውራ፤ የሙሄማ መች ጠፋ!

ዘመኑ የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ከተማ በነበረችበት ጊዜ። ሀሊሜ ሦስት ወልዳ ሁለቱን በጨቅላነታቸው ቀብራለች። የቀረቻት ዋሲላ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቀጫጫ፣ አፏ የማያርፍ። ሰው «ይቺ ልጅሽ ወሬዋ አያልቅም» ሲላት ሀሊሜ «ተዋት፣ ቤቴን የሞላችው እሷ ናት» ትል ነበር።

አንድ ቀን ተዛውሮ የሚሄድ አስተማሪ «ለልጅህ ይሁናት» ብሎ ለሙሄ መጽሐፍ ተወለት። ሽፋኑ ላይ «ፀሐይ የተኛችበት አገር» ይላል፤ ከሥሩም በትንንሽ ፊደል «ለልጆች»። ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ከሐይቅ ሥር ገብታ እንቅልፍ ይወስዳታል። ጮራ የምትባል ልጅ ልትቀሰቅሳት በሚናገር ፈረስ ተቀምጣ ትሄዳለች። ፈረሱ ታዲያ በነጻ አያሻግርም። ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ከልጅቷ አንድ ትዝታ ይቀበላል። የሰጠችውን ከዚያ ወዲያ አታስታውሰውም።

ሙሄ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ በረንዳው ላይ ለዋሲላ ያነብላት ጀመር። መጀመሪያ የጎረቤት ልጆች መጡ። ቀጥሎ ልጆቻቸውን ሊጠሩ የመጡ አባቶች ቆመው ቀሩ። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ያልተቀደደ ጋቢ ይዞ «እስቲ ይሄን ጥቀምልኝ» የሚለው በዛ። ልጆቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ሲያንኮራፉ አባቶቻቸው አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ለልጆች ነው የሚለው እኮ!

ከሁሉ የባሰበት አያ ገበየሁ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ፈረስ ሲያይ ልቡ የሚጠፋ ሽማግሌ። የሰማውን ቀዬው ወስዶ አማርኛ ለማይሰሙ ጎረቤቶቹ በአገውኛ ይተርክላቸዋል። ፈረሱ የመጀመሪያውን ትዝታ በተቀበለ ቀን ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ገበየሁ ግን «እኔን ቢለኝ የቱን እሰጠው ነበር?» አለ።

ሀሊሜ አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አልሰማችም። ወንድ በሞላው በረንዳ ላይ ምን ልታደርግ? ሥራውንስ ማን ይሥራላት? የምትሰማው ከዋሲላ አፍ ነበር። ልጅቷ እየሮጠች ትመጣና እናቷ ጎን ዘፍ ትላለች።

«ዛሬስ የት ደረሱ?» ትላለች ሀሊሜ፣ ያልጓጓች መስላ።

«ሁለተኛውን ወንዝ ተሻገሩ እማየ። የፈረሱ ኮርቻ ተቀዶባቸው ነበር፤ የጮራ እናት መርፌዋን አውጥታ ሰፋችው።»

«እናቷም አብራ ሄዳለች እንዴ?»

«ታዲያ ብቻዋን ልትልካት ነው? ስንቁንስ ማን ይያዝ?»

ሀሊሜ ሳቀች። ያቺ እናት በአንዴ ልቧ ገባች። ስንቅ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ፣ ልጇ ላይ የመጣ ጅብ በዱላ የምታባርር፣ ሰው የማያመሰግናት ሴት። ከሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ነበራት። ጮራ ትዝታዋን ለፈረሱ ስትሰጥ እናትየዋ ጎኗ ሆና የሰጠችውን በልቧ ትይዘዋለች፤ ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ መልሳ ትነግራታለች። «አይ ብልሃት!» ትላለች ሀሊሜ። እንዲህ ያለች ሴት መጽሐፍ ላይ ትጻፋለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

በሐምሌ ኩፍኝ ከተማዋ ገባ። ዋሲላም ተኛች። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣት እንኳ ሐሳቧ መጽሐፉ ላይ ነበር።

«አባየ፣ ያለ እኔ እንዳትቀጥል።»

«አልቀጥልም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አለ ሙሄ። መጽሐፉንም የመኪናው መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻል ያላት መሰለና እናቷን ጠራቻት። «ያልነገርኩሽ አለ። መጨረሻው ወንዝ ላይ ደረሱ። ፈረሱ ከአንድ ሰው በላይ አላሻግርም አለ። ጮራ ተሻገረች። እናቷ ወዲህ ማዶ ቆማ ቀረች።»

«እሺ፣ ከዚያስ? ተገናኙ?»

«ደከመኝ እማየ። ነገ እነግርሻለሁ።»

ኩፍኙ ሳንባዋ ላይ ወርዶ ኖሯል። በነጋታው አፏን ሳትከፍት ዋለች፤ ሊመሽ ሲል አረፈች። እዚህ ላይ ምን ልጨምር? ልጅ የቀበረ ያውቀዋል፣ ያልቀበረውን አላህም እግዜርም አያሳየው።

ለለቅሶው እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ሙሄ መሬት መሬት ያያል። በዚህ መሐል አያ ገበየሁ አላስችለው አለና «ሙሄ፣ ያቺ ልጅ… ጮራ… ተሻግራ ቀረች ወይስ ተመለሰች?» አለ።

ኧረ ጉድ! ሰዉ ተነሣበት። «ያብዳሉ እንዴ አያ ገበየሁ!» «እዚህ ለቅሶ ላይ ተረት?» ሽማግሌው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ነውር ሊናገር አስቦ አይደለም፤ ሁለቱ ልጆች ተቀላቅለውበት ነው።

ሀሊሜ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰምታዋለች። ሰው ሁሉ ሲያወግዘው እሷ በልቧ «ድገመው፣ በአላህ ድገመው» እያለች ነበር። ጮራ እናቷ ዘንድ ተመልሳ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች፤ ከእህልም ከውኃም አስበልጣ ፈለገች። ግን ልጇን የቀበረች ሴት ስለ ተረት ጠየቀች ቢባል ምን ትባላለች? ዋጥ አደረገችው።

ክረምቱ አለፈ። ሙሄ መሳቢያውን አልከፈተም። ደንበኞቹ ይመጣሉ፣ መሳቢያውን በዓይናቸው ሰረቅ ያደርጋሉ፣ ልብሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሀሊሜም ቤቷ ሆና ያቺን ወንዝ ዳር የቆመች ሴት ታስባለች። ቁልፍ ስትተክል ታስባታለች፣ ውኃ ስትቀዳ ታስባታለች። ዝናብ ሲመጣ «የት ትጠለል ይሆን?» እስከ ማለት ደረሰች። ለጎረቤት ሰው ብትነግር ኖሮ ጠበል ውሰዷት ወይ ሸህ ጥሩላት ይባል ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሙሄ ምሳውን በልቶ ሊነሣ ሲል በሩ ላይ ቆመችበት።

«አንብብልኝ።»

«ምኑን?»

«መጽሐፉን። የቀረውን።»

ፊቱ ጠቆረ። «ወላሂ ብያታለሁ እኮ ሀሊሜ።»

«ያለ እኔ አትቀጥል ነው ያለችህ። እኔስ? እኔ የእሷ አይደለሁም?» እንዲህ አድርጋ ተናግራው አታውቅም።

ሄዶ አመጣው። ቁጭ ብሎ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ አነበበ። ጮራ የመጨረሻውን ወንዝ ተሻገረች። ሐይቁ ሥር ገብታ ፀሐይን ቀሰቀሰቻት። ፈረሱ የወሰደውን ትዝታ ሁሉ መለሰላት። አገሩ ብርሃን ሆኖ፣ አያቷ ደጅ ወጥተው እቅፍ አድርገው ተቀበሏት። ሙሄ መጽሐፉን ዘጋው።

«እናቷስ?» አለች ሀሊሜ።

«የማን እናት?»

«የጮራ ነዋ! ወንዙ ዳር የቀረችው!»

«እናት የላትማ።»

«እንዴት የላትም?»

ሙሄ ግራ ገብቶት የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ አነበበላት። «ጮራ እናትና አባቷ የሞቱባት፣ ከአያቷ ጋር የምትኖር ልጅ ነበረች።»

«ዘለኸዋል!» ብላ ጮኸችበት። «ኮርቻውን የሰፋችውስ? ስንቅ የያዘችው? ጅቡን ያባረረችው? ትዝታዋን ይዛ መልሳ የምትነግራትስ? ዋሲላ ነግራኛለች፣ በየቀኑ ነግራኛለች!»

ሙሄ ትክ ብሎ ተመለከታት። ያኔ ነው የገባው። «ሀሊሜ፣ ይሄ አንዱም እዚህ የለም። እሷ ናት ያስገባችሽ። ያቺ እናት አንቺ ነሽ» አለ። ለቅሶው ላይ እንባ ያልወጣው ሰው ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሀሊሜ ግን ማልቀስም አቃታት። መጽሐፉ ላይ ቢሆን ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ባይነበብ ነገ ይነበብ ነበር። እናትና ልጅ መገናኘት አለመገናኘታቸውን የምታውቀው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፣ እሷም አፈር ውስጥ ናት። አሁን ማን ዘንድ ሄዳ ትጠይቅ?

በሳምንቱ ሙሄ መሳቢያውን ከፈተና ከአንደኛው ገጽ ጀመረ። በረንዳው ጢም ብሎ ሞላ። ሀሊሜም ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ምን ይሉኛልን ያን ቀን ጣለችው። ሙሄ እንዲህ ብሎ ጀመረ፤ «ጮራ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር።»

«ቆይ ቆይ!» አለ አያ ገበየሁ። «በፊት ስታነብ እናት አልነበራትም እኮ!»

«በፊት በደንብ አላነበብኩትም ነበር አያ ገበየሁ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሙሄ ሀሊሜ የነገረችውን እየሰካካ ያነብ ጀመር፤ ኮርቻውን፣ ስንቁን፣ ጅቡን። እናትየዋ ትዝታውን ለልጇ በመለሰች ቁጥር ሽማግሌዎቹ እንባቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። አያ ገበየሁማ ሟች ሚስቱን አንሥቶ «ለካ የእኔዋም እንዲህ ነበር የምታደርገኝ» አለ።

መጨረሻው ወንዝ ላይ ደረሱ። ልጅቷ ተሻገረች፣ እናትየዋ ቀረች። ሙሄ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ተገናኙ ማለት አንድ ቃል ነው፤ ቃሉም አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያ ቃል የእሱ እንጂ የዋሲላ አይሆንም፤ ሀሊሜ ደግሞ ታውቀዋለች። ዓይኗን ሳትነቅል እያየችው ነበር።

«ከዚህ በኋላ ገጹ ተቀዷል» አለ ሙሄ፣ ደህናውን መጽሐፍ እያጠፈ።

በረንዳው ተንጫጫ። «በማርያም!» አለ አያ ገበየሁ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ። «እዚህ ላይ ይቀደዳል? ታዲያ እናትየዋን ምን አደረጓት? ከሰዉ አንድ የሚያውቅ የለም?»

«እዚያው ናት አያ ገበየሁ» አለች ሀሊሜ። «ልጇ ነገ እነግርሻለሁ ብላታለች።»