ጥቁሯ መኪና በእጄ ሳለች

ጥቁሯ መኪና ሞያሌ የገባችው በራሷ ጎማ ሳይሆን በሎሪ ጀርባ ተጭና ነው። እኔም ሥራ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ ከናይሮቢ የሚመጣው መንገድ፣ ከኢሲዮሎ ወዲህ ድንጋይና አቧራ እንጂ አስፋልት የሚባል ነገር አያውቅም። ከብትና ጨርቅ የሚነግዱት አሠሪዬ ሐጂ ኑር ሸራ አልብሰው አስጭነው አስመጧት። ሎሪው ከብት በሚጫንበት የአፈር ጉብታ ላይ ተጠግቶ ቆመ። ሁለት ወፍራም ሳንቃ ዘረጋንና እኔ መሪ ይዤ፣ ፍሬን እየረገጥኩ፣ ቀስ አድርጌ አወረድኳት።

ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ በኩል የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ጎማ የሚቀይር፣ ሸራ የሚወጥር፣ ሹፌሩ ሲተኛ መኪናውን የሚጠብቅ፣ ሲነቃ የሚሰደብ ሰው ነው። መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ድንበሩን ተሻግሬ ሥራ ፍለጋ ስዞር ሐጂ ኑር ዘንድ ደረስኩ። በኬንያ በኩል ሹፌርን "ዴሬቫ" ይሉታል። "ዴሬቫ ፍቃዱ" ተብዬ የተጠራሁ ቀን ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ሐጂ ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ "መንዳትማ ሁሉም ይነዳል። እኔ የምፈልገው የሚጠብቃት ሰው ነው" አሉኝ።

"ትጠበቃለች ሐጂ" አልኩ። ይቺን ቃል አስታውሷት።

በዚያ ዘመን ሞያሌ ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ ነጭ ወይ አቧራ የመሰለ ነው። ጥቁር የቤት መኪና የእኛዋ ብቻ ነበረች። ገበያተኛው መንገዱን ትቶ ያያታል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ጉድ ሠራሁ። አቧራ ለብሳ ባያት ጊዜ ደረቅ ጨርቅ አንስቼ ኮፈኑን ፈተግኩት። ፀሐይ ሲወጣ ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ታየ።

ማንያታ ሰፈር ወደሚገኘው የመኪና ቀለም ቀቢ፣ ወደ ፉንዲ ጋልማ ይዣት ሮጥኩ። እዚያ የእጅ ሙያ ያለውን ሰው ሁሉ ፉንዲ ይሉታል። ፉንዲ ጋልማ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "በምን ጠረግካት?" አለኝ።

"በጨርቅ።"

"በጨርቅ አይደለም። አቧራው አሸዋ ነው፤ በአሸዋ ነው የሞረድካት። ነጭ መኪና ይህን ትሸሽግልሃለች፤ ጥቁር አትሸሽግም።"

ከእሱ የተማርኩት ይህ ነው። ጥቁር መኪና ፀሐይ ሳይሞቅ፣ ጥላ ውስጥ ትታጠባለች። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ከጣሪያዋ ቁልቁል ይፈስባታል፤ አቧራው እጅ ሳይነካው በራሱ ይወርዳል። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ስፖንጁ የሚለቀለቅበት። ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፤ ፓራፋንጎና ጎማ በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። ውሃው ላይዋ ላይ ከደረቀ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ስለዚህ ቶሎ በለስላሳ ቆዳ ይመጠጣል። ከዚያ ፖሊሽ፣ በክብ በክብ፣ እጅ ሳይከብድ። ሞያሌ ደግሞ ውሃ በአህያ ተጭኖ በጀሪካን ነው የሚመጣው። ሰው ለመጠጥ ሲጨነቅ እኔ መኪና ሳጥብ የሚያዩኝ ሴቶች ምን እንዳሉኝ እዚህ አልጽፈውም።

እያበራኋት ስሄድ ቅናቱ መጣ። በሚስቱ የሚቀና ሰው አይታችኋል? እኔ ሚስት ሳላገባ ቅናቱን ጀመርኩት። ልብስ ሰፊው ተደግፏት ሲያወራ ባየሁ ጊዜ ደሜ ይፈላል። ሰው በጣቱ አቧራዋ ላይ ስሙን ከጻፈ ያን ስም ይዤ ባለቤቱን እፈልጋለሁ። ሐጂ ራሳቸው ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን እንዲያራግፉ አደርግ ነበር።

አንድ ቀን አንድ እግራቸውን አንጠልጥለው ጫማቸውን እያራገፉ፣ "ፍቃዱ፣ መኪናዋ የማን ናት?" አሉኝ።

"የእርስዎ ናት ሐጂ።"

"ታዲያ እኔ ለምን እንደ እንግዳ እገባለሁ?"

ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እናታቸው አኮ ጡሜ ግን አልሳቁም። አኮ በቦረና አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ልጃቸው ሀብታም ሆኖም እሳቸው ከብት ገበያው ዳር ወተት መሸጥ አልተዉም። ፀጉራቸውን ቅቤ ስለሚቀቡ፣ እሳቸው በተሳፈሩ ቁጥር ወንበሩ ላይ አንሶላ አነጥፍ ነበር። አኮ ጡሜ አንሶላውን ያዩና፣ "ይቺ መኪና ባል አላት" ይላሉ። እኔ እንደ ምስጋና ነበር የምወስደው።

ሐጂ በሥራዬ መደሰታቸውን አንድ ቀን በእናታቸው ፊት ተናገሩ። "ሌላ መኪና የገዛሁ ዕለት ጥቁሯን ለሚይዛት ሰው እተዋታለሁ" አሉ። በእናት ፊት የተባለ ቃል አይታጠፍም። የሚይዛት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥባት የራሴን መኪና እንደማጥብ ነበር።

የሐጂን ፒክአፕ የሚነዳው ጃተኒ የሚባል ረጅም ሰው ነበር። ሥራው ፍየል ማመላለስ ነው። ፒክአፑ ከፊት እስከ ኋላ ፍየል ፍየል ይሸታል፤ ጃተኒም እንደዚያው። ግን ሰው ይወደዋል። መንገድ ላይ እጁን ያላወጣለት ሽማግሌ የለም፤ ሳይከፍል የሚሳፈረውም እልፍ ነው። ያጥባል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ዝናብ ያጥብለታል።

ወባ ይዞኝ ተኝቼ ስነሳ መኪናዋን ከፈትኩ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል። መስታወቱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሬዲዮኑ ሌላ ጣቢያ ላይ ነው። ሌላ ሰው እንደነበረ አወቅኩ።

"ጃተኒ፣ ወንበሩን ማን ገፋው?"

"እኔ። እግሬ ረጅም ነው።"

"ለምን አልመለስከውም?"

"ወንበር ነው እኮ ወንድሜ። ስትቀመጥ ትመልሰዋለህ።"

ትክክል ነበር፤ ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ከፍቼ የፍየል ሽታ ሳስወጣ ዋልኩ።

ከዚያ የሐጂ ልጅ የዘይነብ ሠርግ ደረሰ። ጥቁሯ የሙሽራ መኪና ሆነች። ሦስት ጊዜ ፖሊሽ ቀባኋት። ሪባኑን ፕላስተር እንዳይለጥፉበት ተከራክሬ በጨርቅ ቁራጭ አሰርኩት። ሙሽሪት ከኋላ በአኮ ጡሜና በአክስቷ መካከል ተቀመጠች፤ ቀስ ብለን ወጣን።

ሞያሌ ውስጥ ሙሽራ የያዘ መኪና ብቻውን አይሄድም። ሴቶች በግራ በቀኝ ይከቡታል፤ እየዘፈኑ ጣሪያውንና ኮፈኑን በመዳፋቸው ይመታሉ። ያን ቀን መኪናው ከበሮ ነው። ይህን አላውቅም አልልም፤ በነጭ መኪና ሲሆን አይቼ አብሬ አጨብጭቤአለሁ። አሁን ግን የሚመቱት እሷን ነው፤ በጣታቸውም ላይ ቀለበት አለ። ከጣሪያው ላይ ክርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥርሴን ነከስኩ። ደገመ።

መኪናዋን አቁሜ ወረድኩ። "እጃችሁን አንሱ። ቀለበታችሁ እየቧጨራት ነው" አልኳቸው።

ዘፈኑ ቆመ። የተነሳው እጅ ሁሉ እንደተነሳ ቀረ። አንዷ ቀለበቷን አይታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ተመልሼ ገባሁና ነዳሁ። ሴቶቹ ከኋላችን ዝም ብለው ተከተሉ። እስከ ሙሽራው ቤት ድረስ የሰማሁት የሞተሩን ድምፅና የዘይነብን ለቅሶ ነው። ሙሽራ ሳይሆን ሬሳ የያዝን ነበር የምንመስለው።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። በማግስቱ ሐጂ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አስጠሩኝ። አኮ ጡሜ አጠገባቸው ነበሩ።

"ቁልፉን አምጣ" አሉኝ።

"ሐጂ፣ ለመኪናዋ ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ጠብቃት አልኩህ። ከሰው ጠብቃት አላልኩህም።"

ቁልፉን ተቀብለው ለጃተኒ ሰጡት። የጃተኒን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። እነሆ ያ ሁሉ ፖሊሽ በፒክአፕና በፍየል ተለወጠ። ዛሬም ቢሆን ቀለበት ቀለም ይቧጭራል እላለሁ፤ ማንም አላሳመነኝም።

ጥቂት ቆይቶ ሐጂ ትልቅ መኪና ገዙ። ጥቁሯን፣ በእናታቸው ፊት እንዳሉት፣ ለሚይዛት ሰው ተዉለት። የሚይዛት ጃተኒ ነበር። "የጃተኒ ጥቁር" ትባል ጀመር። እርር ድብን አልኩ። ምሳ እየበላሁ ከሩቅ ሞተሯን ሰምቼ ጉርሻዬን ያስቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። በማንያታ ስታልፍ አቧራ ለብሳ፣ ኮፈኗ ደብዝዞ አያታለሁ። ደስ ሊለኝ በተገባ፤ "ይኸው፣ አያያዝ አያውቅም" ልል። ደስ ግን አላለኝም። እንደዚያ ቆሽሻም የእሱ ነበረች።

ይባስ ብሎ የከተማው ሙሽራ ሁሉ እሷን ይፈልግ ጀመር። ጃተኒ ክላክሱን ከዘፈኑ ጋር እያስማማ፣ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን ራሱ እየመታ ይሄዳል። ሴቶቹ ጣሪያዋን እንደ ልባቸው ይደልቃሉ። እኔ ፍየል ጭኜ መንገድ ዳር ቆሜ አሳልፋቸዋለሁ።

አንድ ቀን ጃተኒ ራሱ መጣ። "ፍቃዱ፣ ነገ ሠርግ አለኝ። እንደ ድሮው አብራልኝ። እኔ ብሞክር ብሞክር አልሆነልኝም" አለኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ከተማው ሁሉ የማን እጅ እንዳረፈባት እንዲያይ ፈለግኩ። የውሃ አህዮች የሚያርፉት ከብት ገበያው ዳር፣ ግራሩ ጥላ ሥር ነው፤ እዚያ አቆምናት። ፒክአፔም ለሐጂ የተገዙ ፍየሎች እየጠበቀ አጠገቧ ቆሟል። ውሃ አፈሰስኩ፣ በሁለት ባልዲ አጠብኩ፣ በቆዳ መጠጥኩ፣ ፖሊሽ ቀባሁ። ሰው ተሰበሰበ። የሹፌሩ በር ላይ ጎንበስ ብል የገዛ ጥርሴ ታየኝ። "ጥቁር መኪና እንዲህ ነው የምትያዘው" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ጃተኒ እንዲሰማ።

ጃተኒ፣ "እውነትህን ነው" አለ። እሱም አላረካኝም።

ከዚያ ፍየሎቹ መጡ፤ ከመጫኔ በፊት ውሃ ላጠጣቸው ፈታኋቸው። ከመካከላቸው ጢማም፣ አንገተ ወፍራም አውራ ፍየል ነበር። ወደ ውሃው ሲሄድ በመኪናዋ በር ፊት አለፈና ቆመ። በሩ ውስጥ ጢማም፣ አንገተ ወፍራም አውራ ፍየል ቆሟል። የእኔው አንገቱን ሰበቀ፤ ያኛውም ሰበቀ። ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ያኛውም አፈገፈገ። የውሃውን ባልዲ ጥዬ ስሮጥ ፍየሉ በኋላ እግሮቹ ተነስቶ ነበር።

በሩ የሰጠውን ድምፅ እስከ ጉምሩክ የሰሙት ይመስለኛል። መሐል በሩ ጎድጓዳ ሳህን መሰለ። ፍየሉ ደግሞ ለመድገም ያፈገፍጋል። ዱላ አንስቼ ልመታው ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። አኮ ጡሜ ናቸው፤ ከወተታቸው አጠገብ እንደተቀመጡ።

"አትምታው" አሉኝ። "ሌላ ወንድ ከእሷ ጋር ያየ መስሎት ነው።"

ዱላዬን እንደያዝኩ ዞር አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተስ?" አሉ። ከዚያ ለደንበኛ ወተት መቅዳታቸውን ቀጠሉ።

ጃተኒ መሬት ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤ እንባው ይፈስሳል። ፉንዲ ጋልማ ዘንድ እንውሰዳት ስለው፣ "ተወው። ሠርጉ ነገ ነው፤ ሙሽራዋ የምትቀመጠው ከኋላ ነው" አለኝ። በማግስቱ ጎድጓዳ በሯን ይዛ ወጣች። ሴቶቹ ጎድጓዳው ሲመታ ድምፁ ከጣሪያው ይልቅ እንደሚያምር ወዲያው አወቁ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ሳይቀና ቀረ። ጃተኒም ወደ ማርሳቢት እስከሄደ ድረስ እንደዚያው ነዳት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና ነድቻለሁ፤ የራሴም አንድ ነበረኝ፣ ነጭ። ጥቁር መኪና ሳይ ግን ዛሬም በሩን አያለሁ፤ ዛሬም እቀናለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ነው። ጥቁር መኪና በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ውሃ ይቅደም። አጥባችሁ ካበራችኋት በኋላ ደግሞ አውራ ፍየል ባለበት አታቁሟት።