ከማገሩ ነው?

አያቴ ካረፉ ወዲህ ጣራችንን የሚነቀንቅ ሰው አጥተን ነበር።

ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ሶላር የተተከለ ዕለት፣ አያቴ ባለሙያውን ከሸኙ በኋላ ጣራ ላይ ወጥተው ሶላሩን በመጫኛ እንደ አህያ ጭነት ጠፍረው አሰሩት። መጫኛው ፀሐዩን ስለጋረደው ማታ አምፖሉ ጭል ጭል ብሎ ጠፋ። እኛ ስንስቅ እሳቸውም አብረውን ሳቁ። በማግስቱ ባለሙያውን መልሰው አመጡና ብሎኑ ቆርቆሮውን አልፎ ከሥር ያለውን እንጨት፣ ማገሩን፣ እንዲነክስ አስደረጉት። "ቆርቆሮማ እሱ ራሱ እንግዳ ነው፤ ነፋስ ከጠራው ይሄዳል" አሉ።

ከዚያ ወዲህ የየካቲት ነፋስ ሲነሣ፣ መሰላል አስደግፈው ሶላሩን ሳይነቀንቁ ቁርስ አይቀምሱም ነበር። ነገሩ ሁሉ ማገር ሆነባቸው። እጮኛዬን ይዤላቸው ስሄድ እንኳ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "ልጄ፣ ይሄ ከማገሩ ነው ከቆርቆሮው?" አሉኝ።

እሱ ግራ ገብቶት "ኧረ እኔ ከእስቴ ነኝ፣ አባባ" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

የአርባቸው ዕለት ያ ነፋስ መጣና የተዝካሩን ድንኳን ከነካስማው ነቅሎ ማሳ ላይ ጣለው። ቄሱ ጠላቸውን እንደያዙ ሜዳ ላይ ቀሩ። ሁላችንም ቀና ብለን ጣራውን አየን።

ያ የእስቴ ሰው፣ ዛሬ ባሌ የሆነው፣ ማንም ሳያዘው መሰላሉን አምጥቶ ወጣ። ሶላሩን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ መቃብራቸው ዞሮ ጮኸ፦

"ከማገሩ ነው፣ አባባ!"