ዝም ያለው መስኮት

ጎኔ የምትቀመጠውን ፕሮግራመር ቢሮው በሙሉ «ችኩሏ» ይላታል። ዓይነ ስውር ናት። ኮምፒውተሯ በጆሮ ማዳመጫ የሚያነብላትን አንድ ቀን ተውሼ ብሰማው፣ ከፍጥነቱ የተነሳ አንዲት ቃል አልያዝኩም፤ እሷ ግን ቀስ ካለ እንቅልፍ ይወስደኛል ባይ ናት። እግሯ ጠረጴዛው ሥር አያርፍም፤ ሻዬም አብሮ ሲንቀጠቀጥ ይውላል።

የምትሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን፣ ሊኑክስ በሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ድምፅ አውጥቶ የሚያነብላትን ፕሮግራም፣ አንባቢውን፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ለራሷ እንዲመች አድርጋ አስተካክላዋለች።

አለቃችን ባለፈው ወር አዲስ የኮድ መጻፊያ ለሙከራ አመጣ። የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነው፤ የሊኑክስ ሰዎች ሊኑክስን ዊንዶውስ በሚያስመስል ፕሮግራም ውስጥ ይክፈቱት ይላል መመሪያው። ከፈተችው። እኔ በዓይኔ አየሁት፣ ቁልጭ ብሎ ተከፍቷል። አንባቢው ግን «መስኮት» ብሎ ጸጥ አለ። ቁልፍ ብትጫን ጸጥ። ለአምራቾቹ ብትጽፍላቸው «በሊኑክስም ይሠራል» ብለው መለሱላት። ደረቆች!

«ለማን ነው የሚሠራው?» እያለች ስትቁነጠነጥ ሰነበተች፤ እኔንም አቁነጠነጠችኝ።

ሐሙስ ዕለት፣ ምንም ሳይነበብላት በግምት ስትጫን፣ የጋራ ፎልደራችን ውስጥ የነበረውን የሦስት ቀን ሥራዬን ጠራርጋ አጠፋችው። ቅጂ አላስቀመጥኩም ነበር። ይቅርታ ስትጠይቀኝ «ኧረ ችግር የለም» አልኳት፤ ውስጤ ግን እርር ብሏል።

በማግስቱ ዘጠኛችንም ስብሰባ ተቀመጥን።

«ዊንዶውስ ብትጭኚስ?» አላት አለቃችን። «እዚያም አንባቢ አለ አይደል?»

«አለ። ግን እኔ ከዜሮ ልጀምር ማለት ነው። ለምን እነሱ ለሊኑክስ አይሠሩትም? እስኪሠሩት አሮጌው መጻፊያ ይቆይልን። ካልሆነ ሥራውን እለቃለሁ፤ እንዲህ እየተደናበርኩ አልችልም።»

አለቃችን ተነፈሰ። «በሉ፣ አዲሱን የምትፈልጉ እጅ አውጡ።»

አዲሱ ፈጣን ነው፤ የሐሙሱም ንዴት አልበረደልኝም። አራት እጅ ወጣ። አምስተኛው የእኔ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አለቃችን አፉን ሳይከፍት በዓይኑ ይቆጥራል። ክፍሉ ጭጭ ብሏል። እሷ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣

«አንተስ እንደማታወጣ አውቃለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ክንዴን ልትይዝ ጠረጴዛው ላይ በእጇ ትፈልግ ጀመር።

ክንዴ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።