ፍሬኑ ላይ የቀባሁት የኑግ ዘይት

በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ እሑድ ከሰዓት ሲግናል አካባቢ በአንዲት ባልቴት ቤት እንሰበሰብ ነበር። ሰው እንዳይጠረጥር አንድ ባንድ፣ ጊዜ እያለያየን እንገባለን። መዝሙሩንም በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። ብንያዝ መጀመሪያ የሚታሰሩት የቤቱ ባለቤት እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ከእንጦጦ ግርጌ ልጄን ከኋላ ጭኜ በብስክሌት እወርዳለሁ። ስድስት ቀን ፋብሪካ፣ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ፤ ያን መንገድ በእግር የምሄድበት ጉልበት አልነበረኝም። የብስክሌቱ የፊት ፍሬን ላስቲክ ግን ቸርኬውን እየነካ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ይጮኻል።

አንድ እሑድ ባልቴቷ በር ላይ ያዙኝ።

«ስማ ልጄ፣ የቀበሌው ጥበቃ ያ የሚያላዝነው ብስክሌት የማነው ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«የእህቴ ልጅ ነው አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። ሁለተኛ እንዳታስዋሸኝ፤ ወይ አሠራው፣ ወይ አትምጣ።»

ሳምንቱን ሙሉ ደክሞኝ እየገባሁ ተኛሁ። ነገሩ ትዝ ያለኝ በሚቀጥለው እሑድ ልንወጣ ስንል ነው። ጥገና ማንም ሳያስተምረኝ ሁሉን ራሴ ነበር የምጠግነው፤ በዚህም እኮራ ነበር። ከጓዳ የኑግ ዘይት አምጥቼ ላስቲኩንም ቸርኬውንም ቀባሁ።

ልጄ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

«አባባ፣ ዘይት ከቀቡት እንዴት ይይዛል?» አለች።

«ደግሞ መካኒክ ሆንሽ? ተቀመጪ!»

ተቀመጠች። እሺ ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ብስክሌቱ ድምፁን አጥፍቶ ወረደ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬኑን ብጨብጠው አልያዘም። የኋላው ፍሬን ሽቦ ከተበጠሰ ቆይቷል። የባሕር ዛፉ ችግኝ ውስጥ ገባን፤ ልጄ በእጇ ላይ ወደቀች። ጸሎቱ ቀረና ወጌሻ ጋ ሄድን። እጇን ሲያሻት ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። ወደ እኔ ግን አላየችም።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ብስክሌቱን ገልብጬ ዘይቱን በሳሙና አጠብኩ። ጥፋቱ ያኔ ታየኝ። ፍሬን ጠበቅ ሲል ይሻላል እያልኩ ሽቦውን በየጊዜው ስወጥር የኖርኩት እኔ ነበርኩ። ቡሎኑን አላላሁ፣ ወደ አንድ ወገን ያጋደለውን ፍሬን ወደ መሀል መለስኩ፣ በግራና በቀኝ የአሥር ሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ትቼ አጠበቅኩ። ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ፤ ስጨብጠውም ቀጥ አለ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ነበር። እኔ ግን እጇ ላይ የታሰረውን ፋሻ እያየሁ ስለ ሳንቲሙ አስረዳኋት።

እሑድ ደረሰ።

«ተቀመጪ፣ አሁን ይይዛል።»

«በእግሬ እሄዳለሁ አባባ።»

እምቢ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ለመቆጣት ጉልበቱም መብቱም አልነበረኝም። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ተከተልኳት። ጥበቃው ስናልፍ ቀና ብሎም አላየን።

ባልቴቷ በሩን ከፈቱ።

«ብስክሌቱስ?»

«ተስተካክሏል።»

«ታዲያ የት አለ?»

በዚያ ደጃፍ ሌላ ውሸት እንዲነገር አልፈለግኩም። «ዘይት ቀብቼው ልጄን ጣልኳት። አሁን ብሠራውም አልሳፈርም አለች» አልኩ።

ፋሻውን አዩ። እሷን ወንበር ላይ አስቀመጧት። እኔ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።