የመስኖው ዋስ

ባንቺአየሁ የውሉ ንባብ ሳያልቅ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አንጠልጥላዋለች። አንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ቡሬ አጠገብ መስኖ ሊሠራ፣ ሃያ አምስት ዓመት ውሃውን ሸጦ መስኖውን ለገበሬዎቹ ሊያስረክብ ነው፤ እሷ የምትፈርመው በገበሬዎቹ ስም ነው። በሐሳቧ ሽንኩርት መትከል ጀምራለች። ግን ያለ ዋስ ውል አታውቅም።

«ዋሱ ማን ነው?»

«ባንክ ነው፣ እማማ» አላት የኩባንያው ጠበቃ ዳኘው።

«ባንክ ለቅሶ ይደርሳል? ውሃው ቢቀር የማንን አንገት ገበያ መሃል ላስደፋ?»

ለፊርማው የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዳኘውም ከት ብሎ፣ «በሉ የኔን ያስደፉ!» አላት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የደምበጫው የቢያድግልኝ።»

«ቅርብ ነሃ! እናትህ ደጅ ነው መጥቼ የምጮኸው።»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተጫነችና እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ላገኘችው ሁሉ «ዋስ አለን!» እያለች በድንች ማሳው መሃል ቁልቁል ወረደች።